ስንት ኩንታል ትጭናለች?

መኪናዋ ግቢያችን የገባች ቀን በረዶ ጥሎ ነበር። የግንቦት ልደታ ማግስት ነው። ከቀትር በኋላ በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ሽምብራ የሚያህል በረዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር። ሲያባራ ደጅ ላይ ክላክስ ሰማሁ። ወጥቼ ስከፍት ባለቤቴ ደምለው ጣራ የሌላት መኪና ውስጥ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። አንድ የጭነት መኪና በገመድ እየጎተታት ከአማኑኤል ከተማ ድረስ አምጥቷታል። በረዶው ሞልቶባት ደምለው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ነገር ውስጥ ነው።

«ገዛኋት» አለኝ።

«ምኗን?» አልኩት።

ወርዶ በረዶውን በባልዲ ያወጣ ጀመር።

ከኋላዋ የጭነት ቦታ ያላት የድሮ ላንድሮቨር ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አሥራ ስድስት ዓመት ቆማ በጨረታ የወጣች ናት። ሞተሯ ከዝገት የተነሣ አንድ ድፍን ብረት ሆኗል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ስትፈለፍልበት ኖራ አንድ እንቁላል ቀርቶበት ነበር። ደምለው እንቁላሉን ይዞ ገብቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ተበላሽቷል።

ጎረቤታችን መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆመው አዩ።

«ደምለው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው፣ የኔታ።»

«ይሁን» አሉ። «እግዚአብሔርም አዳምን ከዐፈር ሠርቶታል። ዐፈሩ ግን ዝገት አልነበረበትም።»

ማታ ለምን እንደገዛት ጠየቅሁት። «ለሾላ ምንጭ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

ሾላ ምንጭ የተወለደበት መንደር ናት። ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ነው የምትገኘው። መኪና የሚቆምበት ቦታ ለመድረስ በእግር አምስት ሰዓት ያስኬዳል። በዚያ አገር ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነው የሚወሰደው። ቃሬዛ ማለት ሁለት ረጅም እንጨት ነው፤ መካከሉ በጠፍር የተጠለፈ። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ከኋላ ይከተላል። መንደሩ የቃሬዛ ማኅበር አለው። አባል ያልሆነን ሰው የሚሸከም የለም፤ ስለዚህ ሁሉም አባል ነው። ተራው ደርሶ የቀረ አንድ ጋን ጠላ ይቀጣል። ሴቶቹ ለተሸካሚ ስንቅ ይቋጥራሉ።

ደምለው በአሥራ ሰባት ዓመቱ አባቱን ተሸክሟል። ግራ ፊት ነበር። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ አባቱ ሞቱ። መሞታቸውን ያዩት ከኋላ የነበሩት ናቸው፤ እሱ ፊት ስለነበር አላየም። ሲጠሩት አልሰማ ብሎ ትንሽ መንገድ ሄዷል። ይሄን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የነገረኝም ራዲያተር እየበየደ ነው። «ቁሙ ሲሉ ደከማቸው ብዬ ነው» አለኝ። ብየዳውን ቀጠለ። ራዲያተሩ እስካሁን አያፈስም።

ከዚያ ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ ዕቃ በናፍጣ ያጥብ ነበር፤ ቀስ በቀስ ብሎን እንዲያጠብቅ ፈቀዱለት፤ ሲቆይ የሚጠየቀው እሱ ሆነ። ወረቀት የለውም። ሰው መኪናውን አምጥቶ ችግሩን ሲያስረዳው አይሰማም፤ ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ያስጠጋል። ቤትም እንዲሁ ነው። ጉሮሮዬን አመመኝ ስለው «እስኪ ሳዪ» ይለኛል።

እናቱ እማማ ማሬ ግን ከሾላ ምንጭ አልወጣም አሉ። ማርቆስ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ በየፋሲካው ይለምናቸዋል፣ በየፋሲካው እምቢ ይላሉ።

«ስታመም በቃሬዛ እመጣለሁ» ይላሉ። «አርባ ዓመት ለተሸካሚ ስንቅ ቋጥሬያለሁ። ያበላሁት ትከሻ አለ።»

ደምለው ይሄን ሲሰማ ይነሣና ወደ ውጭ ይወጣል። በአፉ አላለውም እንጂ መኪናዋን የሚሠራው እናቱ ቃሬዛ ላይ እንዳይወጡ ነው።

ሥራው ስድስት ዓመት ፈጀ። የሰው መኪና በሌለበት ቀን ነው የሚሠራት፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ብረት አይነካም። ከወሩ ውስጥ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስንና እሑዶችን ቀንሶ በተረፈው ነው። ያ ቀን ደግሞ ዝናብ ይሆናል። እኔ ልብስ የማሰጣበት ቦታ ላይ ስለቆመች ስድስት ዓመት ልብሴን ያሰጣሁት እሷው ላይ ነው።

መጀመሪያ ሞተር ፈለገ። የድሮው የቤንዚን ስለነበር ቢሠራም ቆላ ወርዶ አይወጣም አለ። ገደል ገብቶ ከቀረ የጭነት መኪና የናፍጣ ሞተር አገኘ። ሞተሩ አልገባም፤ በአንድ ስንዝር ተኩል ይረዝማል። ሌላ ሰው ቢሆን አጭር ሞተር ይፈልግ ነበር። ደምለው መኪናዋን አስረዘማት። የፊት ብረቷን ቆርጦ፣ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፍቶ መልሶ በየዳት። አፏ እንደ ጭነት ፈረስ ሾለ። የሰፈሩ ሰው አጋሰስ አላት፤ እኛም አጋሰስ አልናት።

ሞተሩና ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮም አልተገጣጠሙም፤ አንዱ የአንድ አገር፣ ሌላው የሌላ አገር ነው። በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት ሦስት ጊዜ አስቀረጸ። ሁለቱ ተበላሹ። አንደኛው አሁን የበራችን መደገፊያ ነው፣ ሌላው የጎመን መክተፊያዬ ሆኗል። በመካከል አንድ ሰው የጥገና መጽሐፍ ሰጠው። እንግሊዝኛ ነው። እሱ ከአራተኛ፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምነው። ሥዕሉን አየን። ሥዕሉ ላይ ያለችው መኪና ንጹሕ ናት።

በአምስተኛው ዓመት ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ መሪጌታ ቤት ድረስ ገባ።

«ነፍስ ዘራች?» አሉ በአጥሩ በኩል።

«ዘራች፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ንስሐ አስገባት። ብዙ ታጨሳለች።»

ከዚያ የቀረው ባሌስትራው ነበር፤ ከጎማው በላይ ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ቅስት ብረት ማለት ነው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ግን አላወቀም።

በእኛ አገር ሰው መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ኩንታል ትጭናለች? ትሮጣለች ወይ የሚል የለም። ፍሬን አላት ወይ የሚልም አላየሁ። ግቢያችን የገባ ሁሉ አጋሰስን አንድ ጊዜ ይዞርና ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ሰው ደምለው «ስምንት» አለው። ሰውየው የደብረ ኤልያስ እህል ነጋዴ ነው።

«ስምንት ኩንታል ስምንት አህያ ይጭነዋል» አለ። «አህያ ደግሞ ናፍጣ አይጠጣም።»

ደምለው በማግስቱ ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ ይዞ መጣና በየጎማው ሁለት ሁለት ተደራራቢ ብረት፣ እነሱ ቅጠል የሚሉትን፣ ጨመረ። «ዐሥር» ማለት ጀመረ። ዐሥርም ሲባል ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። አሁንም ጨመረ። ሰባት የነበረው አሥራ አንድ ቅጠል ሆነ፤ መኪናዋ ከመሬት ተነሥታ ለመውጣት በርጩማ የሚያስፈልግባት ሆነች። «አሥራ ሁለት» ሲል ሰው «እ፣ ደኅና ናት» አለ። ደምለው በዚያ ሳምንት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

«ለበሽተኛ አልነበረም ወይ?» አልኩት አንድ ቀን፣ ልብስ እየሰበሰብሁ።

«ለበሽተኛ ነው» አለ። «አሥራ ሁለት ኩንታል የቻለች አንዲት አሮጊት ያቅታታል?»

ትክክል መሰለኝና ልብሴን ይዤ ገባሁ።

በስድስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሾላ ምንጭ ወረደ። ሕዝቡ በዘመቻ የጠረገው መንገድ ነበር፤ ከተጠረገ ጀምሮ የሄደበት በሬ ብቻ ነው። አጋሰስ በሁለት ሰዓት ደረሰች። መንደሩ ወጥቶ ዞራት። የቃሬዛ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ጋሼ ሙሉሰው ጎማዋን በዱላ መታ መታ አደረገና ጠየቀ።

«ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

በጋውን ሙሉ የሾላ ምንጭ ጤፍ በአጋሰስ ወጣ። የሚጓዘው ሰው ጆንያው ላይ ተኝቶ ነው። ሲወርድ ባዶዋን ስለሆነ ደምለው ብቻውን ነው። «ስወርድ ትንሽ ትዘላለች» ይለኝ ነበር። ወገቡን በቅባት አሽለት ነበር። ባዶዋን ሌላ ሰው ወጥቶባት አያውቅም።

ነሐሴ ስምንት፣ በፍልሰታ፣ እማማ ማሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተታቸው። ወጌሻ መጥቶ ዳሌያቸውን ዳሰሰና እጁን አነሣ። «ይሄ የእኔ አይደለም፤ ማርቆስ ውሰዷቸው» አለ። ስልክ ተደወለልን። ደምለው ስልኩን ዘግቶ ጫማውን አሰረ። ፍራሽ ጭነን ሌሊቱ ሲነጋጋ ወጣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጭንቅላቴ ሦስት ጊዜ ጣራውን መታ። ጣራውን የሠራው እሱ ነው፤ ጠንካራ ነው።

ስንደርስ የማኅበሩ ሰዎች አሥራ ሁለት ሆነው ደጅ ላይ ቆመዋል። ቃሬዛው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ደምለው ሰላም አላቸው፤ ቃሬዛውን ግን አላየውም።

«እማ፣ በመኪና ነው የምንሄደው» አለ።

«የእኔ ሰዎች እኮ መጥተዋል» አሉ እማማ።

«በቃሬዛ አምስት ሰዓት ነው። በዝናብ ሰባት ነው።»

እማማ ልጃቸውን ትንሽ አዩት። «እሺ» አሉ። «ስድስት ዓመት ደክመህበታል።»

ፍራሹ ላይ አስተኛናቸው፤ እኔ ጎናቸው ተቀመጥሁ። አጋሰስ ተነሣች። ሰዎቹ ቃሬዛውን ባዶውን ተሸክመው ከኋላ ይከተሉናል። ማንም ተከተሉ አላላቸውም። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ደረስን። ጎማው ገብቶ ሲወጣ መኪናዋ እንደ ተወጋ በሬ ዘለለች። እኔም፣ ፍራሹም፣ እማማም ተነሥተን ወረድን። እማማ አልጮኹም። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው መጣ።

«ልጄ» አሉ፣ «አባትህ ቃሬዛው ላይ እንዲህ አልዘለሉም።»

ደምለው አቆመ። ወርዶ ጎማው ጋ ተንበረከከና ባሌስትራውን አየው። አሥራ አንዱም ቅጠል ቅስቱን እንደ ያዘ ነው፤ አልተነካም። ለአንዲት ቀጭን አሮጊት የሚታጠፍ ብረት አልነበረም። ደምለው ከተንበረከከበት አልተነሣም። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ጋሼ ሙሉሰው ከነሰዎቹ ደረሰ።

«መኪናህስ ደኅና ናት» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ እንውሰዳቸው።»

ቃሬዛውን መሬት ላይ አወረዱት። ደምለው አየው። አባቱ የተወሰዱበት ቃሬዛ ነው፤ እንጨቱ ያው ነው፤ ጠፍሩ ብቻ ነው የተለወጠው። ግራ ፊት ያለው ጫፍ እሱ ጋ ነበር። ትከሻውን ሲያሽ አየሁት።

«ጥር ላይ ግን» አለ ጋሼ ሙሉሰው፣ «ጤፌን ስትወስድልኝ ከላይ ሆኜ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ይሄንኑ ቦረቦር አላወቅሁትም።»

ደምለው ቀና አለ። «ስንት ኩንታል ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

ሁለቱ ተያዩ።

«አምጣ እንግዲህ» አለ ደምለው።

«ከየት? ነሐሴ ነው። ጎተራው የአይጥ መጫወቻ ሆኗል።»

ያም ሆኖ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሮጡ። ከአሥራ ሁለት ቤት አምስት ኩንታል ወጣ፤ ጤፍም ገብስም ለዘር የተረፈ ባቄላም ነው። ጆንያዎቹን መካከል ላይ ደረደሩ። ባሌስትራው ትንሽ ዝቅ አለ። ደምለው በክንዱ ተጫነውና ራሱን ነቀነቀ። «ሰባት ይቀራል» አለ።

ጋሼ ሙሉሰው ሰዎቹን ቆጠረ። «አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» አለ አንዱን።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? በግ ነኝ?»

«ስልሳ እንበል። አሥራ ሁለት ሰው ሰባት ኩንታል ይሆናል። ውጡ።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችሁም። ተራ የለም ዛሬ።»

ስድስቱ በቀኝ፣ ስድስቱ በግራ ወጡ። ባሌስትራው ተቀመጠ። ቃሬዛውን ጆንያው ላይ አሰሩት፤ እማማን ቃሬዛው ላይ አስተኙ። እኔ ራስጌ ሆኜ ጃንጥላ ያዝሁ። እማማ ዙሪያቸውን አዩ።

«ቃሬዛ ላይ ነኝ አይደል?» አሉ።

«ቃሬዛ ላይ ነዎት» አልኳቸው።

«እንዲህ ነው።»

አጋሰስ ተነሣች። ቦረቦሩን እንደ ጀልባ አለፈችው። መንገዱ ሲያዘነብል ጋሼ ሙሉሰው «ወደ ቀኝ!» ይላል፤ ስድስቱ ወደ ቀኝ ይጫናሉ። «አንተ ባዘዘው፣ ሆድህን ወደዚህ አምጣ፤ ዛሬ ሥራ አግኝቷል» ይላል። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ደምለው ወርዶ ጥልቀቱን በዱላ ለካና በትንሹ ማርሽ አስገባት። ውኃው ወለሉ ላይ ገባ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ተሻግረን ዳገቱን ጀመርን። ጥቂት እንደ ወጣን፣ ምንም ሳንሆን፣ መኪናዋን አቆማት። ጎማ ሥር ድንጋይ አስደረገና ዞሮ ወደ ኋላ መጣ። የጎን መከለያዋን ስፖንዳ ይዞ ተንጠላጥሎ እናቱን አየ። ሰዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር። ሁሉም ያንን ቦታ ያውቁታል።

«ምን ታያለህ?» አሉ እማማ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ንዳ። ዝናብ ነው።»

ሄዶ ነዳ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው አስቆመን። ጆንያውን አየ፣ ሰዎቹን አየ።

«እህል እዚህ አይራገፍም። ወፍጮ ቤት በዚያ ነው።»

«በሽተኛ ይዘናል» አለ ደምለው።

«የትኛው ነው?»

«ከላይ ያሉት።»

«እሺ። አስታማሚ አንድ ሰው ነው የሚገባው። እነዚህ አሥራ ሁለቱ ምንድን ናቸው?»

ጋሼ ሙሉሰው ከላይ ሆኖ መለሰለት። «እኛ ኩንታል ነን።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበና በሩን ከፈተ።

ለእማማ ዳሌያቸው ላይ ብረት አስገቡላቸው። ሐኪሙ መንገድ ላይ ሳይናወጡ መምጣታቸው ጠቅሟል አለ፤ በምን እንዳመጣናቸው ጠየቀ። ደምለው በመኪና አለ። አሥራ ሁለቱ ኩንታል ያን ቀን ቤቴ አደረ። ጾም ስለነበር ሽሮ አበላኋቸው። በማግስቱ ከነጆንያቸው መለሳቸው፤ እህሉ አንድ ቁና አልጎደለም፤ ባቄላው ብቻ ከታች ስለነበር ርሶ አጎንቁሏል።

ከጳጉሜን በኋላ ደምለው መኪና የሚያነሣውን ክሪክ አውጥቶ በየጎማው አራት አራት ቅጠል ፈታ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት፤ ለመጨመር አንድ ዓመት ፈጅቶ ነበር። መሪጌታ አጥሩ ጋ ቆመው አዩት።

«አፈረስካት?»

«አለዘብኳት፣ የኔታ።»

«ስድስት ዓመት ስትጾም ከርማ አሁን ፈሰከች በለኛ።»

ጋሼ ሙሉሰው ሰምቶ ተቆጣ፤ ጤፉ ወደ አህያ ተመለሰበት። ሆኖም ቃሬዛው አጋሰስ ውስጥ ታስሮ እንዲቀር ማኅበሩ ተስማማ። ቅጣቱም አልቀረም፤ በሽተኛ ሲኖር ተራው ደርሶ መኪናዋን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያልገፋ አሁንም አንድ ጋን ጠላ ይቀጣል። እስካሁን ሰባት በሽተኛና ሁለት ምጥ የያዛቸው ሴቶች ወጥተውባታል። አንደኛዋ ደብረ ኤልያስ ሳንደርስ ወለደች፤ ልጁን ምን ልበለው አለችኝና ራሷ ደምለው ብላ ጠራችው።

እማማ ማሬ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ዱላ ይዘው ከአልጋ እስከ አጥሩ ይሄዳሉ። በየፋሲካው ሾላ ምንጭ መልሰኝ ይላሉ፤ «ስሄድ ግን ጆንያ አድርግበት» ይላሉ። ለስላሳ ሆናለች ቢባሉ አያምኑም።

ደምለው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ደብረ ማርቆስ እዚያው ጋራዥ ይሠራል፤ ግራ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ነው። አጋሰስ ግቢያችን ልብስ ማስጫዬ ላይ ቆማለች፤ አፍንጫዋ ወደ በሩ ነው። ሰው መጥቶ ስንት ኩንታል ትጭናለች ሲለው «አንድ ሰው» ይላል። ሰውየው ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል፤ ደምለውም ወደ ሥራው ይመለሳል።